የጠመንጃ መነጽርና የሚሸከመው ቀለበት

ስለ ጠመንጃ ታሪክ በአገራችን ሲወሳ በመጀመሪያ የሚነሣው የመሣሪያው ስም ነው። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን እየተባለ የየዘመኑ ጠመንጃ ይቈጠራል፤ ባለቤቱም ሲፎክር በስሙ ይጠራዋል። ውጅግራ የተባለው ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉት ጠመንጃ ስሙ በአፋችን ተለውጦ መሆኑን ብዙ አንባቢ ያውቃል። ከስሙ ቀጥሎ የሚነገረው የአፈሙዙ ርዝመት፣ የጥይቱ ውፍረትና ጥይቱ የሚደርስበት ርቀት ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ በአደን ጠመንጃ ጀርባ ላይ የተቀመጠው መነጽር የሰውን ዐይን ይስባል፤ ስንት እጥፍ ያቀርባል ተብሎም ይጠየቃል። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር አያይዘው ስለሚሸከሙት ሁለት ትንንሽ ቀለበቶች ግን የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነው ስለ እነዚህ ቀለበቶች ነው፤ ይኸውም እንዴት እንደ ተፈጠሩ፣ ለምን ከባድ እንደ ነበሩ፣ በምንስ ምክንያት እየቀለሉ እንደ ሄዱ ለማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዕረፍት ወደ ገጠር በሄድን ጊዜ አንድ የቀድሞ አዳኝ ሽማግሌ ጠመንጃቸውን ከግድግዳ አውርደው አሳዩን። መነጽሩ ጥሩ ነበር፤ መስታወቱም ጭረት አልነበረበትም። ነገር ግን ቀለበቱ ከመነጽሩ ቧንቧ ስለ ሰፋ፣ ሽማግሌው ከመኪና ከመነዳሪ የተቈረጠ ላስቲክ ጠቅልለውበት ነበር። «ልጆቼ፣ ይህ ጠመንጃ ድሮ ስቶ አያውቅም፤ አሁን ግን አንድ ቀን ይመታል፣ አንድ ቀን ይስታል። እኔም ዐይኔ ደክሟል» አሉን። እኛም ያን ጊዜ ነገሩን ስለማናውቅ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ ብለን ዝም አልን። ዛሬ ብንጠየቅ ግን ጥፋቱ የዐይናቸው እንዳልሆነ ደፍረን እንመሰክርላቸው ነበር።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። ሁለቱ ቀለበቶች 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ እንበል። ከሁለቱ አንዱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ፣ ማለትም በየቀኑ በጠረጴዛችን ላይ የምናገላብጠውን አንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ያህል ወደ ጎን ቢሸሽ፣ መነጽሩ የሚያይበት አቅጣጫ ጠመንጃው ከሚተኩስበት አቅጣጫ በሺህ አንድ እጅ ይለያል። ስለዚህ ጥይቱ በ100 ሜትር ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር፣ በ200 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር፣ በ300 ሜትር ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከታለመበት ስፍራ ይርቃል። በወረቀት ኢላማ ላይ ይህ የነጥብ ጉዳይ ነው። በአውሬ ላይ ሲሆን ግን ሳንባውን ሊመታ የታሰበው ጥይት ሆዱን ይመታዋል፤ አውሬውም ወዲያው አይወድቅም፤ ቍስሉን ይዞ ጫካ ይገባል፤ በማግስቱ ወይም በሣልስቱ ይሞታል፤ ሥጋውንም ጅብ ይበላዋል። አዳኙም ሳትሁት ብሎ ሌላ ይፈልጋል። የአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ያህል መላላት የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው።

መነጽሩ ራሱ አሮጌ ነው። ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው ጀርመናዊ የከዋክብት ሊቅ መካከላቸው ያበጠ ሁለት ሌንሶችን በማገናኘት የሩቁን ማቅረብ እንደሚቻል በ1611 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። ከዚያም በ1640 አካባቢ ዊልያም ጋስኮይን የተባለ ወጣት ኢንግሊዛዊ በመነጽሩ ውስጥ ሸረሪት ያደራችው ክር ከሩቁ ነገር ጋር አብሮ ጥርት ብሎ ታየው። ሸረሪቷ ድሯን የዘረጋችው የሩቁ ነገር ምስል በሚያርፍበት ስፍራ ላይ ስለ ነበር ነው። ጋስኮይን ይህን ካስተዋለ በኋላ በዚያው ስፍራ ክር እየዘረጋ ከዋክብትን ይለካ ጀመር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ በ1644 በማርስተን ሙር ጦርነት ላይ ተገደለ። እንግዲህ አዳኝ ዛሬ የሚያልምበት መስታወትና መስቀለኛ ክር ሁለቱም ያን ጊዜ ተገኝተው ነበር። ይሁን እንጂ መነጽር በጠመንጃ ላይ በሚጠቅም አኳኋን እስኪቀመጥ ድረስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለፈ። የከዋክብት መነጽር በመቆሚያው ላይ ረግቶ ይቀመጣል፤ ጠመንጃ ግን በተኰሰ ቍጥር ወደ ኋላ ይዘላል። የጐደለው መስታወት አልነበረም፤ መስታወቱን በሚዘል ነገር ላይ አጽንቶ የሚይዝ ነገር ነው።

ይህን ችግር መጀመሪያ የደፈሩት በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት የነበሩ ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው። መሐንዲሱ ጆን ቻፕማን በ1848 ስለ ኢላማ ተኵስ ባሳተመው መጽሐፍ የመነጽርን ነገር ጽፏል፤ በዩቲካ ከተማ የነበረው ሞርጋን ጄምስ ከእርሱ ጋር ሆኖ መነጽር ያላቸውን ጠመንጃዎች ሠርቷል። ከ1855 ጀምሮ ደግሞ በሲራክዩስ ከተማ ዊልያም ማልኮም ይህን ሥራ ሙያው አደረገው። የዚያ ዘመን መነጽር ቀጭን ቧንቧ ሆኖ እንደ አፈሙዙ ይረዝም ነበር። በቧንቧው ውስጥ ከሌንሶቹና ከክሩ በቀር ሌላ ነገር አልነበረበትም። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የማረሙን ሥራ ሁሉ የሚሠሩት የፊትና የኋላ መያዣዎች ነበሩ። ስለዚህ መያዣው ብሎን፣ ጥርስና መለኪያ የበዛበት ትንሽ መኪና ነበር ማለት ይቻላል። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከእነዚህ ጠመንጃዎች አንዳንዶቹ ከ13 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ ስለ ነበሩ ያለ መደገፊያ አይተኰስባቸውም ነበር። ከባድ ጠመንጃ ወደ ኋላ የሚዘለው በዝግታ ስለሆነ መያዣው ብዙ አይጐዳም። ችግሩ የተፈታው በክብደት ነበር ማለት ነው።

ከዚሁ ዘር የወጡት የኢላማ መነጽሮች እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ቈይተዋል። እንደ ጆን ኡነርትል ያሉት ሠሪዎች የተጠቀሙበት ብልሃት ያስገርማል። መያዣው ቧንቧውን ጨብጦ አይዘውም፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲዘል ቧንቧው በመያዣዎቹ መካከል ባለበት ስለሚቀር ወደ ፊት የተንሸራተተ ይመስላል፤ ተኳሹም ከእያንዳንዱ ተኵስ በኋላ በእጁ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ኀይሉን ከመቋቋም ይልቅ ማሳለፍ ነው። ለወረቀት ኢላማ ተኳሽ መልካም ነው፤ ለአዳኝ ግን አውሬው ፊት ቆሞ ሳለ መነጽር መጐተት የሚመች አይመስለንም።

በኤውሮፓ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1898 በቪየና ሥራ የጀመረው የካሌስ ቤትና በጀርመን የነበሩ ሌሎች ቤቶች በ1900 አካባቢ አጭርና ወፈር ያለ የአደን መነጽር ማውጣት ጀመሩ። የጀርመንና የኦስትሪያ አዳኝ አንዳንድ ጊዜ በምሽት ከማማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተባረረ ከርከሮ በአጠገቡ ሲሮጥ በባዶ ዐይን ይተኵሳል። ስለዚህ መነጽሩ ሲፈለግ የሚቀመጥ፣ ሳይፈለግ የሚነሣ መሆን ነበረበት። የዙልና የፌርላህ ጠመንጃ ሠሪዎች ለዚህ የፈጠሩት መያዣ በቀለበቶቹ ሥር እንደ ንስር ጥፍር የታጠፉ ጥርሶች ያሉት ነው፤ ጥርሶቹ በጠመንጃው ጀርባ ላይ በተበጁ ጉድጓዶች ገብተው ይቈለፋሉ። አንድ ጠመንጃ ሠሪ እያንዳንዱን ጥርስ በሞረድ እየሳለ፣ በጥላሸት እየቀባ፣ የነካበትንና ያልነካበትን እየመረመረ ብዙ ቀን ይደክምበት ነበር። በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ መነጽሩ መቶ ጊዜ ተነሥቶ መቶ ጊዜ ቢመለስ አቅጣጫው አይለወጥም። እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ ማድነቅ ይገባል። ሆኖም ዋጋው ውድ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ብረቱም የበዛ ነበር። ከዚህም ሌላ በመነጽሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ማረሚያ ቢኖርም፣ ወደ ጎን የማረሙ ሥራ ብዙ ጊዜ አሁንም የመያዣው ነበር።

ቁመቱ ከፍ ያለበት አንዱ ምክንያት ጠመንጃው ራሱ ነው። በ1898 የወጣው የማውዘር ጠመንጃ የመዝጊያው እጀታ ሲከፈት ወደ ላይ ይነሣል፤ የጥንቃቄ ቍልፉም በመዝጊያው ጫፍ ላይ ይቆማል። መነጽር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ሁለቱም ይመቱታል። መነጽሩ ከፍ ሲል ደግሞ ተኳሹ ጉንጩን ከሰደፉ ላይ አንሥቶ አንገቱን እንደ ሰጎን ማስረዘም አለበት። ጉንጩ ያልተደገፈ ሰው በየጊዜው ዐይኑን በአንድ ስፍራ ማሳረፍ ይቸግረዋል። በኋላ ጠመንጃ ሠሪዎች የመዝጊያውን እጀታ እያጐበጡና የጥንቃቄ ቍልፉን ወደ ጎን እያዛወሩ ለመነጽሩ ቦታ ለቀቁለት።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኢንግሊዞች መነጽሩን ከጠመንጃው ጀርባ ይልቅ በግራ ጎኑ ላይ አሰሩ። ይህን ያደረጉት ጥይቱ በቀድሞው ዐይነት ከላይ እንዲጐርስ ነው። ከጦርነቱ በፊት የታወቀ አዳኝ የነበረው ሻለቃ ሄስኬት ፕሪቻርድ በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር ነቅፎታል፤ ወታደሩ በብረት ጋሻ ቀዳዳ በኩል ሲያልም አፈሙዙ በቀዳዳው ሲያልፍ መነጽሩ ከጎን ስለ ቀረ የሚታየው የጋሻው ብረት ይሆናል። በጽሕፈት ቤት ተወስኖ ወደ ሜዳ የወጣ ነገር አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ እኛም ከዚህ ሥራ የራቅን ባለመሆናችን ብዙ አንናገርም።

ቀለበቱ መቅለል የጀመረው በአሜሪካ ነው፤ የጀመረውም በውድ ዕቃ ሳይሆን በርካሽ ዕቃ ነው። በ1923 በኒው ዮርክ የተቋቋመው የግሪፊንና ሃው ቤት በጠመንጃው ጎን ላይ በሁለት እጀታ የሚቈለፍ እጅግ ጥሩ መያዣ ይሠራ ነበር፤ የሚገዛው ግን ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ቢል ዊቨር የተባለ ሰው በ1930 ቍጥር 330 ብሎ የሰየመውን ቀጭን መነጽር ባወጣ ጊዜ ግን ገበሬውም መምህሩም መነጽር መግዛት ቻለ። በዚህ መነጽር ውስጥ ወደ ላይም ሆነ ወደ ጎን ማረሚያ አለበት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መያዣው ከማልኮም ዘመን ጀምሮ ተሸክሞት የኖረውን ሥራ ቧንቧው ወሰደለት ማለት ነው። ዊቨር ሥራውን ወደ ኤል ፓሶ ከተማ ካዛወረ በኋላ ለመነጽሮቹ የሠራው መያዣም እንደዚሁ ቀላል ነው። ከአሉሚኒየም የተበጀ ጠፍጣፋ መቀመጫ በጀርባው ላይ የተሻገረ ቦይ አለው፤ የቀለበቱ ብሎን በዚያ ቦይ ውስጥ ያርፍና ጠመንጃው ሲዘል ቀለበቱ እንዳይንሸራተት ያግደዋል። ሌላ ነገር የለበትም። ይህ የተሻገረ ቦይ በኋላ ዘመን በ1995 የአሜሪካ ጦር ደንብ ካደረገው ፒካቲኒ ከተባለው ባለ ብዙ ቦይ መቀመጫ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

በዚያው ዘመን የተስፋፋው ሌላው መያዣ የዴንቨሩ ሬድፊልድ ቤት ጁኒየር ብሎ የጠራው ነው። የፊተኛው ቀለበት እግር በመቀመጫው ጉድጓድ ገብቶ ሩብ ዙር ሲዞር ይቈለፋል፤ የኋለኛውን ግን በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ብሎኖች ይይዙታል፤ አንዱን አላልተው ሌላውን ሲያጠብቁ መነጽሩ ወደ ጎን ይሄዳል። የአሜሪካ ጦር በ1943 ለአልሞ ተኳሾች የተቀበለው የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ በዚህ መያዣ ላይ የዊቨርን መነጽር ነበር የጫነው። ለአዳኝ ተብሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ለጦር ሜዳ ታጨ ማለት ነው። ያ ጠመንጃ ሌላ ማነጣጠሪያ አልነበረውም፤ መነጽሩም ከላይ ስለ ጋረደው ወታደሩ ጥይቱን አንድ በአንድ ማጕረስ ነበረበት።

ከአሉሚኒየም የተሠራ ቀላል መያዣ እያለ ከባዱ የሬድፊልድ ብረት ለብዙ ዓመት ተወዳጅ ሆኖ የቈየበት ምክንያት ጥያቄ ያስነሣል። መልሱ በመነጽሩ ውስጥ ይገኛል። በቀድሞዎቹ መነጽሮች ማረሚያው ሲዞር መስቀለኛው ክር ራሱ ከመካከል ወደ ዳር ይሄድ ነበር። ጠመንጃው በደንብ ያልተበሳ እንደ ሆነ ክሩ በመነጽሩ ጥግ ተሸሽጎ ይታያል፤ ይህም ዐይንን ያሳስታል፤ ያስቀይማልም። ስለዚህ አዋቂ ሰው መነጽሩን በሬድፊልድ ብሎኖች ወደ ጎን አስተካክሎ ክሩን በመካከል ያስቀር ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ግን ክሩ ሁልጊዜ ከመካከል የማይነቃነቅባቸው፣ በእርሱ ፈንታ ምስሉ የሚንቀሳቀስባቸው መነጽሮች እየበዙ ሄዱ። ጠመንጃ ፋብሪካዎችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብሎኖቹን ቀዳዳ አስቀድመው በልኩ እየበሱ መሸጥ ልማድ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ቀለበቱ አንድ ሥራ ብቻ ቀረው፤ እርሱም ሳይነቃነቅ መያዝ ነው። ቀለበት እንዲቀልል ያደረገው አሉሚኒየም ብቻ አይደለም ብለን የምናምነው በዚህ ምክንያት ነው። አሉሚኒየሙ ቀድሞም ነበረ፤ ቀለበቱ ግን ሥራው እስኪቀነስለት ድረስ ክብደቱን ሊጥል አልቻለም።

ቀላል ቀለበት የሚፈልገው ደግሞ በተለይ የተራራ አዳኝ ነው። በአሜሪካ ይህን ሐሳብ በብዙ ሰው ልብ ያሳደረው አውትዶር ላይፍ በተባለው መጽሔት ስለ ጠመንጃ ለብዙ ዓመት የጻፈው ጃክ ኦኮነር ነው፤ ከ1902 እስከ 1978 የኖረ ሲሆን አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። እርሱ በ1925 የወጣውን .270 ዊንቸስተር ጥይትና አራት እጥፍ የሚያቀርብ ትንሽ መነጽር ይወድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ገደል ሲወጣ የዋለ ሰው እያንዳንዱ መቶ ግራም ምን ያህል እንደሚከብድ በትከሻው ያውቀዋል፤ ኦኮነርም የጻፈው ከልምድ ነው።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ አንድ ወጥመድ አለ። ጠመንጃ በቀለለ ቍጥር ወደ ኋላ የሚዘልበት ፍጥነት ይጨምራል፤ በፈጠነ ቍጥር ቀለበቱን የሚፈትነው ኀይል ይበዛል። እኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው የፊዚክስ ትምህርት ይህን ለማስላት ሞክረናል። የ.270ው ጥይት በአፈሙዙ ውስጥ የሚቈየው ከአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። ጠመንጃው 3.5 ኪሎ ግራም፣ መነጽሩም 400 ግራም ቢሆን፣ በዚያች ቅጽበት መነጽሩ ከቀለበቱ አምልጦ ለመቅረት የሚታገለው በአማካይ ወደ 90 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኀይል ነው፤ ይኸውም የአንድ ኩንታል ጤፍ ክብደት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ያንኑ መነጽር 2.3 ኪሎ ግራም በሚመዝን ጠመንጃ ላይ ብንጭነው ኀይሉ ወደ 135 ኪሎ ግራም ገደማ ይወጣል። ጠመንጃውን አቅልሎ ከባዱን መነጽር የሚተው ሰው በቀለበቱ ላይ ይፈርዳል። መነጽሩንም ወደ 250 ግራም ዝቅ ካደረግነው ግን ኀይሉ ተመልሶ ወደ 85 ኪሎ ግራም ይወርዳል። እንግዲህ ቀላል ቀለበት ቀላል መነጽርን ይፈልጋል፤ ትልቅ መስታወት ያለው ከባድ መነጽር ገዝቶ ከቀለበቱ ላይ ግራም መቈጠብ ግን ጣራውን ከብረት ሠርቶ ምሰሶውን ከሸምበቆ ማቆም ነው።

ሁለተኛው የመቅለያ መንገድ መጋጠሚያን መቀነስ ነው። በቀድሞው አሠራር መቀመጫው ከጠመንጃው ጋር፣ ቀለበቱ ከመቀመጫው ጋር፣ የቀለበቱ ክዳን ከቀለበቱ ጋር ይጋጠማል፤ መላላት የሚመጣው ከእነዚህ መጋጠሚያዎች ነው። የፊንላንዱ ሳኮ ቤት መቀመጫውን ከጠመንጃው አካል ጋር አንድ አድርጎ ሠራ፤ በ1968 የወጣው ሩገር ቍጥር 77 ጠመንጃም ቀለበቱን ያለ ሌላ መቀመጫ በራሱ አካል ላይ ይቀበላል። በ1985 በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ሜልቪን ፎርብስ 2.3 ኪሎ ግራም የማይሞላ የአደን ጠመንጃ መሥራት በጀመረ ጊዜ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ከባድ ብረት ሊሸከም እንደማይገባው ግልጽ ነበር። ዛሬ ታሊ የተባለው ቤትና ሌሎችም የሚሠሩት ቀላል ቀለበት መቀመጫውና የቀለበቱ ታችኛ ግማሽ ከአንድ አሉሚኒየም የተፈለፈለ ነው። ከብረት የሆነ መቀመጫና ቀለበት ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ግራም ሲመዝን፣ ይህኛው ከ60 ግራም ብዙም አይርቅም። አንድ መጋጠሚያ ስለ ቀረለት የሚላላበትም ስፍራ አንድ ቀርቷል። ጕድለቱ መነጽሩን ፈትቶ ቶሎ ለመመለስ አለመመቸቱ ነው፤ ጀርመናዊው የከርከሮ አዳኝ አይወደውም።

ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የሚታየው የቧንቧው ውፍረት ነው። አሜሪካኖች አንድ ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያዘወትራሉ፤ የድሮዎቹ የጀርመን ቧንቧዎች 26 ወይም 26.5 ሚሊ ሜትር ነበሩ፤ ዛሬ 30 ሚሊ ሜትሩም በዝቷል። በ25.4ና በ26.5 መካከል ያለውን ልዩነት ዐይን ላይለየው ይችላል፤ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ግን ከመነዳሪ መፈለጉ አይቀርም። የእኒያ ሽማግሌ ቀለበትም እንዲህ ያለ ሳይሆን እንደማይቀር እንገምታለን። ቀጥሎ ቁመቱ ነው፤ የመነጽሩ ፊት አፈሙዙን ሳይነካ፣ የመዝጊያው እጀታም መነጽሩን ሳይመታ፣ እስከሚቻለው ድረስ ዝቅ ይበል። ዝቅ ያለ ቀለበት አጭር ስለሆነ ራሱም ይቀላል፤ የሚያወዛውዘው ኀይልም ያንሳል።

በሚገጠምበት ጊዜ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ከዚያም የብሎኖቹ ቀዳዳና የመቀመጫው ሥር ከዘይት ይጸዳል። መቀመጫውን የሚይዙት ብሎኖች በብዙ ጠመንጃዎች ላይ ከ3.5 ሚሊ ሜትር የማይወፍሩ ናቸው፤ ያን ሁሉ ኀይል በእነዚህ ማስያዝ የሚቻለው መቀመጫው በብረቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ነው። ሁለቱ ቀለበቶች በአንድ መሥመር ላይ መሆናቸው ሳይታይ መነጽሩ አይታሰርም፤ ያልተስተካከሉ ቀለበቶች ቧንቧውን ያጣምሙታልና። ተኳሹ ጉንጩን በሰደፉ ላይ አሳርፎ ዐይኑን ሲከፍት ሙሉውን ክብ እንዲያይ መነጽሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመዘናል፤ በዐይኑና በመስታወቱ መካከል ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ካልተተወ መነጽሩ ቅንድቡን ይተረትረዋል። መስቀለኛው ክር ቀጥ ማለቱ ከታየ በኋላ የክዳኑ ብሎኖች በግራና በቀኝ እየተፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ በሁለቱም ጎን የሚቀረው ክፍተት እኩል ይሁን። ልኩ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በትንሽ ካቻቢቴ፣ በጣት ኀይል የሚጠብቀውን ያህል ማለት ነው። የአሉሚኒየም ጥርስ በብረት ብሎን ፊት ለስላሳ ስለሆነ ጡንቻውን ሊያሳይ የሚወድ ሰው ቀለበቱን ያበላሸዋል፤ ወይም የመነጽሩን ቧንቧ ያጐደጕደዋል። በሬድፊልድ ዐይነት መያዣ ላይ ደግሞ የፊተኛውን ቀለበት በመነጽሩ ራሱ እንደ መፍቻ አድርገው የሚያዞሩ ሰዎች አሉ፤ መነጽሩን የሚጐዳ አሠራር ስለሆነ በእንጨት ዘንግ ማዞር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ሩቅ ነገር አይደለም። በ1908 ኢቮር ባክስተን የተባለ ኢንግሊዛዊ ሻለቃ በአርሲ ተራሮች ላይ ገድሎ የወሰደውን አውሬ ሪቻርድ ሊዴከር በ1910 መርምሮ በሳይንስ ስም ሰጠው፤ ይኸውም ከአገራችን በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኘው የደጋ አጋዘን ነው። የአርሲና የባሌ ሰው ግን ከሁለቱም በፊት ያውቀው እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም። ዛሬ ቍጥሩ ተመናምኖ ሊጠፋ ከሚሠጋላቸው አራዊት ተራ ገብቷል። በሕግ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች በፈቃድ ሲታደን የኖረውም ከባሕር ማዶ በሚመጡ አዳኞች ነው። አዳኙ ከ3000 ሜትር በላይ በሚወጣ አገር፣ በአስታ መካከል፣ አየሩ ሳስቶ ትንፋሽ ሲያጥረው ይሄዳል፤ ስለዚህ ቀላል ጠመንጃ ይዞ ይመጣል። ጠመንጃው ግን በአውሮፕላን ሆድ ተጭኖ፣ ከዚያም በመኪና በኮረኮንች መንገድ ተንገላትቶ ነው የሚደርሰው። እንደነዚህ ባሉ አውሬዎች ላይ አንድ ቅጠል ወረቀት ያህል የላላ ቀለበት ምን እንደሚያደርስ ከላይ አስልተነዋል።

ስለዚህ ልምድ ያለው መሪ እንግዳውን ወዲያው ወደ ተራራ አያወጣውም። ከሰፈሩ ራቅ ባለ ሜዳ ላይ ካርቶን አቁሞ፣ ከጀርባው አፈር መኖሩን አይቶ፣ ሦስት ጥይት ያስተኵሰዋል። ሦስቱ ቀዳዳዎች በታለመበት ስፍራ ከተጠጋጉ በማግስቱ ንጋት ላይ ፈረሶቹ ይጫናሉ። ካልተጠጋጉ ግን ሣጥኑ ተከፍቶ ካቻቢቴው ይወጣል፤ ፈረሶቹም እስከዚያው ሣራቸውን ይግጣሉ።